የወታደር ብር

መተማ ዮሐንስ ላይ ብር እያቀለጥኩ የአንገት መስቀል እሠራለሁ። ምላሴ ከመዶሻዬ ይፈጥናል፤ ጉድ ያደረገኝም እሱ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ወደ ውትድርና ሲሄድ እናታችንን፣ «ብሩን እኔ እልካለሁ፣ መስቀሉን ወንድሜ ይሠራልሻል» ብሏት ነበር። ከዚያ ወዲያ ደብዛው ጠፋ። እሷም በየቀኑ የሱቄ በር ላይ ተቀምጣ መንገዱን ታያለች።

በፋሲካ ሰሞን ጦርነት ሸሽቶ ድንበሩን በገላባት የተሻገረ ሱዳናዊ አስተማሪ መጣ። ሚስቱ በትኩሳት ትቃጠላለች፤ ለመድኃኒት የሚሸጠው ከአያቱ የወረሰው አንድ ጥንታዊ ብር ብቻ ነበር። ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም አይበልጥም። በአንድ ወገን መርከብ፣ በሌላው በሁለት የጦር ዓርማዎች መሃል የቆመ ንስር አለበት።

«የሮማ ነው» አለኝ በዐረብኛ። «የጦር አዛዡ ወታደሮቹን ሊያከብር ያስመታው ነው። ወላሂ፣ እንዳታቀልጠው!»

«ኧረ በማርያም፣ አላቀልጠውም» ብዬ ገዛሁት።

ሰውየው እንደወጣ ወደ በሩ ጮህኩ፦ «እማዬ፣ ነይማ እዪ፣ የወታደር ብር መጣ!»

እልልታዋ ሰፈሩን አናጋው። «ላከልኝ! ልጄ ላከልኝ!» እያለች መሬት ሳመች። ኧረ እኔን ይድፋኝ! «አይደለም» ማለት ምን ነበረበት? ይልቅ ብሩን መዳፏ ላይ አኖርኩላት። ብሩን እስኪ ልየው እንኳ አላለችም፤ ጉያዋ ውስጥ ሸጉጣው አደረች።

በማግስቱ «በል ሥራልኝ» አለችኝ። ወናፉን እየነፋሁ አቀለጥኩት፤ መጀመሪያ የንስሩ ክንፍ ሄደ፣ ከዚያ ራሱ። መስቀሉን አንገቷ ላይ ያሰርኩላት እኔው ነኝ።

ክረምቱ ሲገባ ከወንድሜ ጋር የዘመተ ጓደኛው መጣ። ጉልበቷን ይዞ፣ «እማማ፣ በጥምቀት ማግስት ነው ያረፈው። በእጄ ነው የቀበርኩት፤ ይማሩኝ፣ እስካሁን መምጣት አልሆነልኝም» ብሎ ተንሰቀሰቀ።

እሷ አላለቀሰችም። መስቀሏን ጨብጣ ሳቀችበት። «ተሳስተህ ነው የኔ ልጅ። በጥምቀት የሞተ ሰው በፋሲካ ብር ይልካል እንዴ?»

ያኔ እግሯ ላይ ወደቅሁ። «እማዬ፣ እሱ አይደለም የላከው! እኔ ነኝ የገዛሁት፣ የጥንት የሮማ ብር ነው፣ ንስር ነበረበት!»

መስቀሉን አገላብጣ አየችው።

«የታለ ንስሩ?» አለችኝ።

ወንድሜ እስከ ዛሬ አልተለቀሰለትም።