አጎቴ ያሠለጠነው ውሻ

አጎቴ ቡችላውን ያመጣልኝ በኩርቱ ፌስታል ከቶ ነው። በረንዳዬ ላይ ሲያራግፈው ሽንቱ የነካካው፣ ሆዱ በወስፋት የተነፋ ቡናማ ነገር ተንከባሎ ወጣና መጥቶ ጫማዬን ላሰ። ዓይኑን ከገለጠ ወር የሞላው አይመስልም ነበር። ከእናቱ ጡት ነጥቆ ነው ያመጣው።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ፊት ለፊቱ ስሆን ዛሬም አንቱ እለዋለሁ፤ ያደግኩት እንደዚያ ነው። ስለ እሱ ስጽፍ ግን አንቱታው ከእጄ አልወጣ አለኝ፤ ይቅር።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሐረር፣ ከጀጎል ግንብ ውጪ ባለው በአዲሱ ከተማ፣ እናቴ በተወችልኝ ግቢ ብቻዬን እኖራለሁ፤ ደንበኞቼም ለልኬት የሚመጡት እዚያው ነው። በዚያ ሰሞን ሌባ አጥር ዘሎ ገብቶ የሰው የሠርግ ጨርቅ ወስዶብኝ ስለነበር ያገኘሁት ሰው ሁሉ ውሻ ያዢ ይለኛል። አጎቴ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ መጋዘን ሲጠብቅ የኖረ፣ ራሱን የውሻ አሠልጣኝ ብሎ የሾመ ሰው ነው። ሰፈሩም ሹመቱን አጽድቆለታል።

"መቀስሽን አምጪ" አለኝ፣ ቡችላው ገና ጫማዬን እየላሰ።

"የምን መቀስ፣ ጋሼ?"

"ጨርቅ የምትቆርጪበትን። ስለታም አይደል?"

"ምን ሊያደርጉበት ነው?"

"ጆሮ ያለው ውሻ ውሻ አይሆንም። ጅብ የሚይዘው በጆሮው ነው። ነይ፣ አጥብቀሽ ያዢልኝ።"

አልያዝኩለትም ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ያዝኩለት። ቡችላው በመዳፎቼ መካከል ልቡ ሲመታ ይሰማኝ ነበር። መቀሱ ወፍራም ጨርቅ ሲቆርጥ የሚያሰማውን ድምፅ አሰማ፤ ከዚያ ቡችላው ጮኸ፤ ከዚያ ደግሞ ሁለተኛው ጆሮ። አጎቴ ሁለቱን ቁራጮች ከበረንዳው ላይ አነሳና ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ በርበሬ አውጥቶ ለወሳቸው። ወደ ቡችላው አፍ ሲያስጠጋቸው እንኳ አልገባኝም ነበር። ቡችላው ርቦታል፤ እያለቀሰ በላቸው።

"የራሱን ሥጋ የበላ ውሻ ለማንም አይራራም" አለ አጎቴ፣ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ።

ጓሮ ሄጄ አስመለሰኝ። እሱ ሳቀብኝ። "የዛሬ ሰዎች! ሆዳችሁ ሳሳ" አለ። መቀሱን በፈላ ውሃ ደጋግሜ ቀቀልኩት፤ ነገር ግን ጨርቅ ላይ ባሳረፍኩት ቁጥር ያ ድምፅ ስለሚመጣብኝ ሌላ ገዛሁ።

ከዚያ ሥልጠና የሚለው ተጀመረ። ጓሮ የነበረውን የዛገ በርሜል አጋድሞ ቡችላውን በአጭር ሰንሰለት እዚያ ውስጥ አሰረው። ሕጉንም ነገረኝ፦ ቀን ብርሃን አይይ፣ ሰው አይንካው፣ ስም አይውጣለት። "ስም ያለው ውሻ ከሰው ይለማመዳል" ይላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣና በርሜሉን በዱላ ይደበድባል፤ ቡችላው ሲያጉረመርም አፍንጫውን ይመታዋል፤ ከዚያ በርበሬና አረቄ የነካው የሥጋ ቤት ትርፍራፊ ይወረውርለታል። የጆሮው ቁስል ትል አፈራ። ስነግረው መጥቶ ነጭ ጋዝ አፈሰሰበት። ያ ሽታ፣ የጋዝ፣ የመግል፣ የዛገ ብረትና የሰገራ ሽታ፣ ልሰፋ የተቀበልኩት ጨርቅ ላይ ሁሉ የተቀመጠ ይመስለኝ ስለነበር እያሸተትኩ ነበር የምሰፋው።

ታዲያ ለምን ዝም አልሽ የሚለኝ ሰው ቢኖር መልሱ አያስከብረኝም። ውሻው አደገ፤ ድምፁ እንደ በርሜል ሆነ። በአጥሬ ሥር የሚያልፉ የባጃጅ ሾፌሮች "አቦ፣ ይሄ ውሻ አንበሳ ነው!" ይሉኝ ጀመር። ጎረቤቶቼ አጎቴን ለቡችሎቻቸው ጠሩት። እኔም ደስ አለኝ። ከጆሮው መቆረጥ ይልቅ፣ ከትሉ ይልቅ፣ ዛሬ የሚያቅለሸልሸኝ ይሄ ነው። ሰው ሲፈራኝ ደስ አለኝ። ደንበኞቼ ከውጭ ሆነው ስልክ እየደወሉ "ያዢልን" ሲሉ በኩራት እወጣ ነበር። ከፊሎቹ መምጣት ሲተዉ እንኳ አልነቃሁም።

ወተት የምታመጣልኝ ከሶፊ ገበሬ መንደር የምትመጣ ሴት ነበረች። በየማለዳው ጀሪካኗን ተሸክማ ትመጣና በሩን ገፋ አድርጋ በዚያው ቆማ ትቀዳልኛለች። አንድ ቀን ማለዳ የሰንሰለቱ ቀለበት ተበጠሰ። እኔ ድስት ይዤ ስወጣ ውሻው ባቷን ነክሶ ይዟል። አልጮኸም፤ አላስጠነቀቀም፤ ዝም ብሎ ነው የያዛት። እሷም "ያ አላህ፣ ያ አላህ" ከማለት በቀር አልጮኸችም። በመጥረጊያ ደብድቤ አስለቀቅኩት፤ ሸሽቶ በርሜሉ ውስጥ ሲገባ የተበጠሰውን ሰንሰለት በሽቦ ቋጠርኩት። ወተቱ ከደም ጋር ተቀላቅሎ በደጄ ወረደ።

እግሯን በሳሙናና በውሃ አጥቤ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ ቁስሉን ደግማ ለረጅም ጊዜ አጠበችና፣

"ውሻው ተከትቧል?" አለችኝ።

"አልተከተበም።"

"አንድም ጊዜ?"

"አንድም ጊዜ።"

ቀና ብላ ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም፤ የቆሸሸ ነገር ያየ ሰው ነው እንደዚያ የሚያየው። ለሴትየዋ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጀመረችላት። ለእኔ ደግሞ "ውሻውን እንዳትገድሉት። አሥር ቀን አስራችሁ ተከታተሉት፤ ከታመመ ወይ ከሞተ ቶሎ እንድንሰማ" አለችኝ።

አጎቴ ያንኑ ቀን መጣ። ስነግረው ሳቀ።

"ሥራውን ሠራ እኮ! እሷስ ምን አስገባት?"

"በየቀኑ ነው የምትገባው፣ ጋሼ። ወተት ልታመጣልኝ።"

"እንግዲህ ሰው ከነከሰ ጣጣ አለው። ነገ መርዝ አመጣለሁ። ሌላ ቡችላ እናገኛለን፤ ይሄን ዘግይተን ስለጀመርነው ነው።"

ይህን ሲል ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ነበር። አፉን አየሁት፤ እጁን አየሁት፤ ከዚህ ሰው ጋር አንድ ማዕድ መቁረሴ ዘገነነኝ። "ሐኪም እንዳይገደል ብሏል" ብቻ ብዬ ሸኘሁት።

በማግስቱ የሴትየዋ ባል መጡ። ሽርጥ ያገለደሙ፣ ነጭ ኮፊያ የደፉ፣ ዱላ የያዙ ሽማግሌ ናቸው። ለጠብ የመጡ መስሎኝ ቀድሜ ተናገርኩ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አባባ።"

"እሱን አላህ ያውቃል። ሐኪም ቤት ወስደሻታል፤ ደህና ነው። እኔ የመጣሁት ውሻውን ላየው ነው።"

ጫታቸውንና ማሽላቸውን ከዝንጀሮ የሚጠብቁላቸው ውሾች እንዳሏቸው እየነገሩኝ ወደ ጓሮ ተከተሉኝ። በርሜሉ ጋ ስንደርስ ትከሻቸው ላይ የጣሉትን ሻሽ ጫፍ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። ውሻው ጥግ ተጣብቆ ይንቀጠቀጣል። ቆመው ብዙ አዩት።

"ይሄን ማን ሠራው?"

"አጎቴ።"

"አንቺስ የት ነበርሽ?"

"ይዤለት ነበር።"

"አስታግፊሩላህ" አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ከውሻው አይደለም የዞሩት፤ ከእኔ ነው። እንደዞሩም፣ "እኛ ውሻ ነጃሳ ነው እንላለን፣ ልጄ። ምራቁ ከነካን ሰባት ጊዜ ነው የምንታጠበው፤ አንዱን በአፈር። ይሄን ግን በምን እንደሚታጠቡት ወላሂ አላውቅም" አሉ።

በደረቅ እንጨት ላይ ተቀመጡና እንደ መምህር ሳይሆን እንደ ተናደደ ሰው ይነግሩኝ ጀመር።

"የሚነክስ ውሻ ጀግና ይመስላችኋል። ፈሪ ነው። ቡችላ በሕፃንነቱ ያየውን ነው የሚያውቀው። ልጅ ያሳዩታል፣ ሴት ያሳዩታል፣ አህያ፣ ባጃጅ፣ ጥላ የያዘ ሰው። ያኔ የሚጮኽበትንና የማይጮኽበትን ይለያል። ይሄ ያየው ዱላ ነው። ስለዚህ እጅ ያለው ሁሉ ዱላ ነው የሚመስለው።"

"ለምን ሳይጮህ ነከሳት፣ አባባ?"

"ሲያጉረመርም ትመቱት ነበር?"

"አዎ።"

"እንግዲያ ማስጠንቀቅ ከለከላችሁት። ማጉረምረም የውሻ ቋንቋ ነው፤ 'ተወኝ' ማለቱ ነው። ያን ያስተወ ሰው ሳይናገር የሚነክስ ውሻ አገኘ።"

ከዚያ ማድረግ ያለብኝን ነገሩኝ። በርሜሉ ይውጣ፤ ጥላ ይሠራለት፤ ውሃው አይጉደል። ሰንሰለቱ ይርዘም፤ በሩ ግን በቁልፍ ይዘጋ፣ አሥሩ ቀን እስኪያልፍም እጄን እንዳላስጠጋ። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከሩቅ፣ ጎኔን ሰጥቼው ልቀመጥ፤ ዓይን ዓይኑን አልይ፤ ምግቡን በቁራሽ በቁራሽ ልወርውርለት። ካጉረመረመ ልራቅ። ሁልጊዜ በአንድ ቃል ልጥራው። ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ አንድ ጊዜ እንኳ ፈገግ አላሉልኝም። ሲወጡም እጃቸውን አልሰጡኝም።

በርሜሉን ያወጣሁ ቀን ዕድሜ ልኬን የሚበቃኝን ቆሻሻ አየሁ። ከሥሩ የወራት አጥንት፣ ፀጉር፣ እርጥብ ጭቃ የመሰለ ሰገራ፣ ውስጡ የሚርመሰመስ ትል። አፍንጫዬን በጨርቅ አስሬ በአካፋ አወጣሁት። ውሻው የሰንሰለቱ ጫፍ ድረስ ሸሽቶ ያየኛል። ካደገ ወዲህ መልኩን ፀሐይ ላይ ያየሁት ገና ያን ቀን ነው፤ ደረቱ ላይ ነጭ ነገር ነበረበት።

አሥሩ ቀን አለፈ፤ አልታመመም። የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ አፉን በጨርቅ አስሮ ከተበው፤ የወስፋት መድኃኒትም ሰጠው። እኔም በየቀኑ ማለዳ ጎኔን ሰጥቼው እየተቀመጥኩ "ቡቺ" እለዋለሁ፤ ሌላ ስም ለማውጣት ድፍረቱ አልነበረኝም። ብዙ ሳምንት የወረወርኩትን የሚበላው እኔ ስነሳ ብቻ ነበር። ከዚያ ተቀምጬም መብላት ጀመረ። ከዚያ አንድ ቀን ከእጄ ወስዶ ሮጠ። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ግን የደስታ ብቻ አልነበረም። ያን ያህል ትንሽ ነገር ለማድረግ ያን ያህል ጊዜ መፍጀቱ ያስጠላል።

መርዙን በመከልከሌ አኩርፎ ቀርቶ የነበረው አጎቴ ከወራት በኋላ መጣ። እጁ ላይ ፌስታል አለ፤ ፌስታሉ ይንቀሳቀሳል።

"መቼም ያንን አበላሽተሽዋል አሉ። ይሄን ከዛሬ እንጀምረዋለን" አለና ወደ ጓሮ አልፎ ውሻውን በዱላው ጫፍ ወጋ አደረገው። አልነከሰውም። ሆዱን መሬት ላይ ለጥፎ ሽንቱን ለቀቀ። አጎቴ ከልቡ ሳቀ።

"አንበሳሽ ሸናብሽ!"

በእሱና በውሻው መካከል ገብቼ ቆምኩ።

"ፌስታሉን ይስጡኝ፣ ጋሼ።"

"መቀስሽን አምጪ መጀመሪያ።"

"ፌስታሉን ይስጡኝና ከግቢዬ ይውጡ።"

"ለውሻ ብለሽ የእናትሽን ወንድም?"

ፌስታሉን ከእጁ ቀማሁ፤ በሩን ከፍቼ ቆምኩ። እየተራገመ ወጣ። ዘመዶቼ እስከ ዛሬ ድረስ ይቅርታ ጠይቂው እያሉ ሰው ይልኩብኛል። እሱ ግን ሥራ አልፈታም፤ በሰፈሩ ጆሮ የሌለው ውሻ ባየሁ ቁጥር እጁን ሱሪው ላይ ሲጠርግ ይታየኛል።

ቡችላውን አንድ ወር ያህል እኔው ጋ አቆየሁት፤ አስከተብኩት፤ ሰው እንዲለምድ ደንበኛ በመጣ ቁጥር አሳየሁት። ከዚያ ለሽማግሌው ሰጠኋቸው። ተቀበሉኝ፤ "ደህና አድርገሽ ይዘሽዋል" አሉኝ። ከእሳቸው የሰማሁት በጎ ቃል ያ ብቻ ነው።

የእኔው ውሻ አሁንም ጭንቅላቱን አያስነካም። በማያውቀው ሰው ላይ ይጮኻል፤ "በቃ" ስለው ያቆማል። ደንበኞቼ ከፊሉ ተመልሰዋል።

ወተት የምታመጣልኝ ሴት ግን አልተመለሰችም። ጊደር መጋላ ገበያ እህል ልገዛ ሄጄ አገኘኋት። ተሳሳምን። እግሯን ጠየቅኳት፤ ድኗል አለችኝ፤ ብርድ ሲሆን ግን ይቆረጥማታል። ውሻው እንደተለወጠ፣ መጥታ ብታየው ደስ እንደሚለኝ ነገርኳት።

"ባሌ ነግሮኛል" አለች። "አልሐምዱሊላህ፤ ደስ ይበልሽ። እኔ ግን ያን በር ከእንግዲህ አልገባም።"

ልለምናት ነበር፤ ተውኩት። ዕቃዋን አንስታ ወደ ቤቷ መንገድ ጀመረች፤ በግራ እግሯ ትንሽ እያነከሰች።