የማክሰኞ ስድብ

ፖሊሷ ግሌኒስ ቱሂ ወደ በረሃ ከተማችን ወደ ሙንዳራ የመጣች ቀን ከተማው በሙሉ ሄሊኮፕተር ሊያይ ወጥቶ ነበር። ፖሊስ ከአየር ሊጠብቀን ነው ስለተባለ ማዘጋጃ ቤቱ ከቡና ቤቴ ጀርባ ክብ ሲሚንቶ አስፈስሶ፣ ዙሪያውን ቢጫ ቀብቶ ጠበቀ። እሷ ግን ክንፍ ባወጣ የገላ መታጠቢያ ገንዳ መጣች። ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ሸራ የለበሰ፣ እንደ ሣር ማጨጃ ሞተር የሚንጣጣ አውሮፕላን ነበር። ዋናው መንገድ ላይ አረፈች፣ እስከ ነዳጅ ማደያዬ ድረስ እየነዳች መጣች፣ ያን ደልዳላ ገላዋን ከመቀመጫው ነቅላ አወጣችና ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሲሚንቶው ላይ አሁን ቋሊማ እንጠብስበታለን።

በሰማይ እንከን የላትም። በመሬት ግን እግዜር ይጠብቃችሁ፤ የፖሊሱን መኪና ከማደያዬ ጋር ያላተመችው ሁለት ጊዜ ነው። ስቆጣት «ሰማይ ላይ ማደያ የለም» ብላኝ እርፍ። አውሮፕላኗ የምትጠጣው የመኪና ቤንዚን ነው፣ ያውም ከእኔው ማደያ። ሄሊኮፕተር ሞተሩን ለማሞቅ ብቻ የሚጨርሰው ነዳጅ እኔን ክልሉን አዙሮ ይመልሰኛል ትላለች። ታጋንናለች፣ ግን ያን ያህልም አይደለም። አውሮፕላኗ እንዲህ ርካሽ በመሆኗ ግሌኒስ ማንም ሳይጠራት መብረር ትችላለች፣ ስለዚህም በየማክሰኞው የከብት እርባታዎቹን ሁሉ ትዞራለች።

ከፐርሲ ደልሃንቲ ጋር የተጣሉት በአንዱ ማክሰኞ ነው። ፐርሲ ከከተማ ርቆ ከውሻውና ከከብቶቹ ጋር ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ነው። ያን ቀን ጠጥቶ ፒክአፑን በደረቁ ወንዝ ውስጥ እንደ እባብ ሲያጥመለምል ከላይ አየችው። ከፊቱ አረፈችና መንጃ ፈቃዱን ተቀበለችው። ፈቃዱን የተነጠቀ ሌላ ሰው ቢሆን አቤቱታ ይጽፋል። ፐርሲ ግን አሮጌ ጎማዎቹን ሰብስቦ ነጭ ቀለም ቀባቸውና ቤቱ አጠገብ ቀዩ መሬት ላይ ደርድሮ ጻፈባቸው። በሚቀጥለው ማክሰኞ ግሌኒስ ወደ ታች ስታይ «አንቺ ዝንብ፣ ሌላ በሬ ፈልጊ» የሚል አነበበች።

እየሳቀች መጥታ ነገረችን። በሳምንቱ ሌላ ስድብ ጠበቃት፣ በሳምንቱም ሌላ። እሷም ክንፏን ግራ ቀኝ ነቅንቃ፣ ጣራውን ልትነካ ጥቂት እስኪቀራት ዝቅ ብላ ዶሮዎቹን ትበትንበታለች። ከዚያ ወዲያ ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ቡና ቤቴ ጢም ብሎ ይሞላ ጀመር። ሰዉ የሳምንቱ ስድብ ምን እንደሆነ በቢራ ይወራረዳል፣ ግሌኒስ ገብታ ባርኔጣዋን ሳታወልቅ ጮክ ብላ ታነብልናለች። ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይኼ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ፐርሲ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የቤቱን ስልክ ነቅሎ ጥሏል፣ ሰው ደጁ ሲመጣም ውሻውን ይለቅበታል። ከሰው ጋር የቀረው ወሬ ይኼው የጎማ ስድብ ብቻ ነበር።

ታዲያ ከባሕር ዳርቻው ከተማ ኢንስፔክተር ሞርትሎክ የሚባል፣ ጫማው ፊት የሚያሳይ ሰው መጣብን። አለቆቹ የግሌኒስን አውሮፕላን ሸጠው፣ ባሕር ዳርቻ የሚቀመጥ አንድ ሄሊኮፕተር ለመግዛት አስበዋል። ዙር የሚባል ነገር ይቀራል፣ ችግር ሲደርስ ተደውሎ ይጠራል አለን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ልለው ፈለግሁ፣ ግን ምሳ እየበላ ነበርና ደንበኛ ነው ብዬ ተውኩት። ማክሰኞ ዕለት አብሯት ሊበርና ዙሩ ምን እንደሚጠቅም በዓይኑ ሊያይ ወሰነ። ግሌኒስ ያን ጠዋት ቁርስ አልበላችም። ዙሩ ከቀረ እሷን ወደ ከተማ ትራፊክ ይመልሷታል፣ ፐርሲንም የሚያየው ሰው አይኖርም።

ገና ሲነሱ ኢንስፔክተሩ የትውከት ከረጢት አወጣ። ከረጢቱን አፉ ላይ እንደያዘ ዛሬ የምትፈልጊው ምንድን ነው ብሎ ጠየቃት።

«ምንም።»

«ምንም ከሌለ ለምን እንበራለን?»

«ምንም አለመኖሩን ለማየት ነዋ።»

እሱ ይህን መልስ ሊጽፍባት እያሰበ ሳለ ፐርሲ ቤት ደረሱ። ጎማዎቹ «ጥጃዬ ከአንቺ ይፈጥናል» ይላሉ። ኢንስፔክተሩ አነበበና ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ግሌኒስ አልሳቀችም። አውሮፕላኑን አዘንብላ መዞር ጀመረች።

«ምን ሆንሽ?»

«ይኼ ያለፈው ሳምንት ነው።»

«እና ሰውዬው ስድብ ቢያልቅበትስ?»

«ፐርሲ ውሻውን ሲሰድብ እንኳ አንዱን ስድብ ደግሞት አያውቅም» አለችና የከብት መንገዱ ላይ አረፈች።

ሽማግሌው በነፋስ የሚሠራው የውሃ ማውጫ ሥር ወድቆ ነበር። ማማውን ሊጠግን ወጥቶ መሰላሉ ተሰብሮበት፣ ቁርጭምጭሚቱ ተጣሞ፣ እስከ ከብቶቹ ውሃ ገንዳ በደረቱ ተስቦ ከወደቀ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከገንዳው የሚንጠባጠበውን እየላሰ ነው የቆየ። አንድ ጥጃ ራስጌው ቆሞ ጆሮውን ይልሰዋል። ግሌኒስ ተንበርክካ ስታቀናው ዓይኑን ከፈተ።

«ነግሬሽ ነበር» አላት ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ። «ጥጃው ቀድሞሽ ደረሰ።»

መቀመጫው ሁለት፣ ሰዎቹ ሦስት። ግሌኒስ ፐርሲን ደግፋ አስገባችው፣ እግሩን በእንጨትና በኢንስፔክተሩ ከረባት አሰረችለት። ከዚያ ኢንስፔክተሩን ከውሻውና ከጥጃው ጋር ትታው ተነሳች። ቤት ውስጥ ብስኩት አለ፣ እባብም ሊኖር ይችላል ብላው እንደሄደች እሱ ራሱ ነው የነገረኝ።

እኛ ቡና ቤት ተሰብስበን ስድቡን ስንጠብቅ ከአውሮፕላኗ ጋር የምንገናኝበት ሬዲዮ ጮኸ። «ዛሬ ተሳዳቢውን ራሱን አመጣሁላችሁ፣ ነርሷን ጥሩ» አለች። የሳቀ ሰው አልነበረም። ፐርሲን ነርሷ እጅ አስገብታ፣ ቤንዚን ሞልቼላት፣ ኢንስፔክተሩን ልታመጣ ወዲያው ተመለሰች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁለቱም ገቡ። ኢንስፔክተሩ ጫማው ቀይ አቧራ ለብሷል፣ ሁለት እጁ ነጭ ቀለም ነው፣ ሱሪውን ውሻ ቀዶታል። ሰዉ እንደ ልማዱ የሳምንቱን ንባብ ጠየቀ።

«ራሱ ይንገራችሁ፣ የጻፈው እሱ ነው» አለች ግሌኒስ።

ኢንስፔክተሩ ቢራውን እስከ ግማሽ አወረደው። «ዘገየሽ» አለ።

ጎማዎቹን ብቻውን ጎትቶ፣ የፐርሲን ጽሑፍ አፍርሶ፣ እንደገና ደርድሮ መጻፉ ነው። ምን ነካህ ስንለው፣ እዚያ ተቀምጦ የሚሰማው የውሻው ትንፋሽ ብቻ እንደነበር፣ ያ የሣር ማጨጃ ድምፅ ከሩቅ ሲመጣ ሊያለቅስ ምንም እንዳልቀረው ነገረን። አንዱ ጠጪ ታዲያ ሄሊኮፕተሩስ ብሎ ነካካው።

«ማን ይጠራዋል?» አለ ኢንስፔክተሩ። «ፐርሲ እንደሆነ አልደወለ።»

አለቆቹን ምን እንዳላቸው አላውቅም። አውሮፕላኗ አልተሸጠችም፣ ማደያዬም እስከ ዛሬ በስጋት ነው።

ፐርሲ በክራንች ወደ ቤቱ የተመለሰ ሳምንት ማክሰኞን ጓጉተን ጠበቅን። በአንድ እግር ስንት ጎማ ይጎትታል ብለን ተወራርደን ነበር። ግሌኒስ ገባች፣ ባርኔጣዋን አወለቀች፣ አውልቃ አታውቅም ነበር። ሁለት ቃል ብቻ ናት አለችን፣ የመጨረሻዋ ጎማም ተጣማለች።

«ደግሞ መጣሽ?» ብላ አነበበችልንና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ውርርዱን ያሸነፈ ሰው አልነበረም፣ ቢራውን እኔ ቀዳሁ።