ሁለቱም የተሸነፉበት ጌም

ዛሬ ጅግጅጋ ባለው ጌም ቤቴ ሁለት ሰዎች አብረው ተጫውተው አብረው ተሸነፉ። ሁለቱንም አስነሳኋቸው።

ደንቤ አንድ ነው፤ ተሸናፊ ይነሳል። ለባለሥልጣንም አላላሁትም።

ፈርዶሳ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር ውጭ አገር ትልልቅ የጌም ድርጅቶች ውስጥ ለዓመታት ሠርታለች። አሁን ሥራቸውን ለቀው እዚሁ ከተማችን የራሳቸውን ከፍተዋል። በመጀመሪያው ጌማቸው ሁለት ተጫዋቾች ግመሎች እየነዱ ከኤረር ደምበል ወደ ጅግጅጋ ውሃ ያደርሳሉ። የአንዱ ግመል ከወደቀ ሁለቱም ተሸነፉ።

ጠዋት ይዛው መጣች። «አዴር፣ ሰው ካልወደደው ተመልሰን መቀጠራችን ነው» አለችኝ፤ አዴር በሶማሊኛ አጎቴ ማለት ነው።

«አስገባዋለሁ፤ ደንቤን ግን አልነካም።»

«ሳይለምዱት ካስነሷቸው ማን ይወደዋል?»

«መነሳቱ ከቆጫቸው ወደውታል» አልኳት። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ቆሜ እያየሁ የተማርኩት ነው።

አንድ የባጃጅ ሹፌርና አንድ አስተማሪ ተቀመጡ። ጌሙ ውስጥ ያለው ገደል ጋ ሲደርሱ የአስተማሪው ግመል ወደቀ።

«ተነሱ» አልኩ።

«የጣለው እሱ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?» አለ ሹፌሩ።

«ተነስ።»

ተነሱ፤ ግን አልሄዱም። ከተተኩት ሰዎች ጀርባ ቆመው «በግራ በኩል ንዳው እንጂ» እያሉ ያዝዙ ጀመር። ከዚያ እንደገና ወረፋ ያዙ።

ከሰዓት ላይ ፈርዶሳ ራሷ ተጫውታ ተሸነፈች። «አዴር፣ የሠራሁት እኮ እኔ ነኝ» ብላ ወንበሩን ሙጭጭ አለች።

«ተነሺ፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አልኳት።

ዞር ብላ ወረፋውን አየችና እየሳቀች ተነሳች።

እናንተ ሰፈር ጌም ቤት ተሸናፊ ምን ይደረግ ነበር? ጻፉልኝ። ስድብ ግን አጠፋለሁ።