ግብሬን መልሱልኝ

ጎረቤቴ እትዬ ወለላ ላሊበላ ውስጥ ጠላ ሻጭ ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሦስት ልጆች ያሳደጉት በዚያች ጠባብ ቤት ነው። ከገበያ ቀን በቀር የሚገባላቸው ሰው እምብዛም ነው፤ ዓመቱን የሚያሻግራቸው የገና ሰሞን ገበያ ብቻ ነበር። ደርግ በገባ በስድስተኛው ዓመት የግብር ገማቾች ብቅ ያሉት ታዲያ፣ ሌላ ቀን የጠፋ ይመስል፣ በገና ማግስት ሆነ። ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ የተመለሰው መንገደኛ ቤቱን ሞልቶታል። ገማቾቹ ዓመቱን ሙሉ እንዲህ የሚሞላ መስሏቸው ስልሳ ብር ግብር ጣሉባቸው።

እትዬ ወለላ ግራ ገብቷቸው አቤቱታ የሚጽፍላቸው ሰው ፍለጋ ወጡ። ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ሁለት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ይቀመጣሉ። አንደኛው አቶ እንግዳው፣ ፊታቸው የማይፈታ ሽማግሌ፣ «ሁለት ብር» አሉ።

«ታልተቀነሰልኝስ?»

«ያው ሁለት ብር። የምጽፈው እኔ፣ የሚወስነው ሌላ ሰው።»

ላልሆነ ነገር ይከፈላል እንዴ? ጭራሽ አልገባቸውም። ሁለተኛው፣ ባለጥቁር መነጽሩ ፈንታው፣ ከመቀመጫው ተነሥቶ ተቀበላቸው። ያ አፈ ቅቤ!

«እናቴ፣ ካልተቀነሰልዎ አምስት ሳንቲም አልነካም። ከተቀነሰ ግን የተቀነሰው ግማሹ የኔ ነው።»

ተስማሙ። መሠረተ ትምህርት ፊደል ቢያስቆጥራቸውም የፈንታውን የተጠላለፈ ጽሕፈት ማንበብ አልቻሉም። ስማቸውን እንደምንም ለቃቅመው ፈረሙ።

ከወራት በኋላ ግብሩ መቀነስ አይደለም፣ ጨርሶ ተሰረዘ። እልል አሉ። ለልጆቹ ልብስ ካስቀመጡት ላይ ሠላሳ ብር አንሥተው ለፈንታው ሰጡት። ቀጣዩ ገና ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ግን የቀበሌ ሰው መጥቶ የንግድ ፈቃዳቸውን ወሰደ።

«ቤቱን ዘግቻለሁ ብለው አመልክተው የለ?» አላቸው።

ጓዳ ውስጥ ጋኖቹ ሙሉ ናቸው፤ ብቅሉም ጌሾውም በዱቤ የመጣ ነው። እያለቀሱ ፈንታው ዘንድ ሄዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

«ግብሩን አጠፋሁልዎ፤ ሌላ ምን ላድርግልዎ?» አለ።

እኔ ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። እሳቸው ግን «ኧረ እውነቱን ነው መሰለኝ» ይላሉ።

ዞረው አቶ እንግዳው ዘንድ ሄዱ። ሽማግሌው ሁሉንም ሰምተው፣ «ልጄ፣ የተሰረዘልሽ በበዛ ቁጥር የሱም ድርሻ ይበዛል። ቤትሽ ቢዘጋ እሱ ምን ገዶት?» አሉ።

«አሁንስ ምን ይሻላል?»

«አልዘጋሁም፣ ግብሬንም እከፍላለሁ ማለት ነው። ሁለት ብር።»

አሁን ዋጋውን አልተከራከሩም። ማመልከቻውን ደጋግመው አስነበቡና ፈረሙ።

የግብር ቢሮው ሠራተኛ ወረቀቱን ሲያነብ ቆይቶ ቀና አለ። ግብር ይነሣልኝ የሚል እንጂ ይጣልብኝ የሚል ሰው ገጥሞት አያውቅም።

«እማማ፣ እኔ ግራ ገባኝ። ምንድን ነው የሚፈልጉት?»

እትዬ ወለላ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አደረጉ።

«ግብሬን መልሱልኝ፣ ጓድ» አሉ። «ልክፈለው።»