ውሻ የማይገባበት ሥዕል

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሥዕል ፍሬም ስሠራ ኖሬአለሁ። አራት እንጨት ቆርጦ ማዕዘኑን ማገጣጠም ቀላል የሚመስለው ሰው ካለ ይምጣና ይሞክረው፤ እኔም መጋዜም እዚሁ ነን። የዛሬው ወሬ ግን ስለ እኔ ሳይሆን ስለ ጎረቤቴ ስለ ሠዓሊው ነው። ሰፈሩ «ጋሼ ቡቺ» ይለዋል። ውሻ ስለሚወድ እንዳይመስላችሁ። ውሻ ከሩቅ ሲያይ መንገድ የሚቀይር፣ ቡችላ ከጮኸችበት ደግሞ የሱቄን በር ሳያንኳኳ በርግዶ የሚገባ ሰው ነው። ቡቺ ያሰኙት ሥዕሎቹ ናቸው።

በሰፈራችን ሳሎን ውስጥ የተሰቀለ የሰው ሥዕል ሁሉ የእሱ ነው፤ ፍሬሙ የኔ። በሁሉም ላይ ደግሞ አንድ ውሻ አለ፤ ቡናማ፣ ግራ ጆሮው የታጠፈ። ባለ ሥጋ ቤቱ ጭን ላይ ተኝቷል። ልብስ ሰፊው ክንድ ላይ አገጩን ጥሏል። በሙሽሮች መካከል ቆሞ ከሙሽራው ይበልጥ ደስ ብሎታል። አንድ ጊዜ ስለ ሥዕል እናውቃለን የሚሉ ሰዎች መጥተው ቤት ለቤት ዞሩና «ውሻው የታማኝነት ምሳሌ ነው» ብለው በደብተራቸው ጽፈው ሄዱ። ሣቄን ለመደበቅ መጋዙን አስጮህኩት።

እውነቱን የምናውቀው እሱና እኔ ብቻ ነበርን። ጋሼ ቡቺ እጅ መሣል አይችልም።

ፊት ላይ ተወዳዳሪ የለውም። የሞተ ሰው ከፎቶ አይቶ ሲሥል ዘመዶቹ «ሊናገር ነው» ብለው ያለቅሳሉ። እጅ ላይ ሲደርስ ግን ጣቶቹ አንዴ ካሮት፣ አንዴ የተነፋ ጓንት ይሆኑበታል። የመጀመሪያ ደንበኛው ባለ ሥጋ ቤቱ ነበር። ሦስት ጊዜ ቀባ፣ ሦስት ጊዜ ፋቀ። ሰውዬው «ነገ እወስደዋለሁ» ብሎ ሲልክበት ጭንቅ ያዘው። በመስኮት ወደ ውጪ ሲያይ አንድ ባለቤት የሌለው ውሻ ሱቄ በር ላይ ተጋድሞ ፀሐይ ይሞቃል። የመስኮቱን መስታወት ተማምኖ ጠጉሩን አንድ በአንድ ሣለውና እጆቹ በነበሩበት ቦታ ላይ አስተኛው።

ባለ ሥጋ ቤቱ ቀኑን ሙሉ በዱላ ውሻ ሲያባርር የሚውል ሰው ነው። ሥዕሉን ሲያይ ተበሳጭቶ ይማታል ብዬ መዶሻዬን ቀረብ አድርጌ ነበር። እሱ ግን ዓይኑን ጠረገ። «ውስጤን ነው ያየኸው» አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ውሻ እስኪሞት ድረስ አጥንት አልቸገረውም።

በዚህ ጀመረ። እጅ በመጣ ቁጥር ውሻ ይመጣል። ቆሞ መሣል የፈለገ አንድ ርእሰ መምህር ሁለት እጁን በግራና ቀኝ ስላንጠለጠለ ሁለት ውሻ አስፈለገው። በወርቅ ሰዓቱ የሚኮራ አንድ ነጋዴ ደግሞ «ሰዓቴ ካልታየ አልከፍልም» አለ። ጋሼ ቡቺ ሁለት ቀን ተጨንቆ ሰዓቱን ውሻው አንገት ላይ አሰረው። ነጋዴው ምን ቢል ጥሩ ነው? «አቤት አስተያየት!» አለ። ልብስ ሰፊው ከሞተ በኋላ የልጅ ልጆቹ ሥዕሉን እያሳዩ «አያታችንን ከሌባ ያዳነው ውሻ ይኼ ነው» ብለው ለእንግዳ ሲያወሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰውዬው በሕይወቱ ድመት እንኳ አላሳደገም። ዝም አይነቅዝም ብዬ አለፍኩት።

አሁን ወደ ሚስቱ እንምጣ። ሚስቱ አዋላጅ ናት፤ ሁላችንም «ሲስተር» ነው የምንላት። የሰፈሩን ልጆች ግማሹን ከእናታቸው ሆድ የተቀበለችው እሷ ናት። አንድ ልማድ አላት። ሕፃኑን ጠራርጋ እንዳበቃች፣ እናትየው እየሰማች፣ ጣቶቹን አንድ፣ ሁለት እያለች እስከ አሥር ትቆጥርና «ሙሉ ነው» ብላ ታስታቅፋታለች። የኔ ልጅ ስትወለድ ቆጥራ ቆጥራ አሥራ አንድ ላይ ደረሰች። የሚስቴ ፊት አመድ መሰለ፤ እኔ በሩን ተደግፌ ቀረሁ። ሲስተር ግን ድምፅዋን እንኳ ሳትቀይር «ሙሉ ናት፤ ተርፏታል እንጂ አልጎደላትም» አለችና ሰጠችን። ከዚያ ቀን ወዲህ ያቺ ሴት ምን ብትለኝ እምቢ አልላትም። ልጄም ከነስድስተኛ ጣቷ አድጋ ዛሬ የሒሳብ አስተማሪ ናት። በልጅነቷ በጣት ቆጠራ የሚቀድማት አልነበረም።

ሲስተር ጡረታ ልትወጣ ሁለት ወር ሲቀራት የክሊኒኩ ኃላፊ፣ አንድ ትሑት ወጣት ሐኪም፣ ወደ ጋሼ ቡቺ መሥሪያ ክፍል መጣ። እኔም እዚያው ሸራ እወጥር ነበር፤ ሲስተር ደግሞ ለባሏ ምሳ አምጥታ ዕቃውን ትሰበስባለች።

«ጋሼ» አለ ሐኪሙ፣ «የሲስተርን ሥዕል ማዋለጃ ክፍሉ ኮሪደር ላይ ልንሰቅል አስበናል። እሳቸው ሕፃን ታቅፈው እንዳሉ አድርገው ቢሥሉልን ደስ ይለናል።»

«እሺ፣ ምን ገዶኝ» አለ ጋሼ ቡቺ።

«አንድ ነገር ብቻ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… ውሻ አይኑርበት። ማዋለጃ ነው። ንጽሕና የሚቆጣጠሩት ሰዎች በሥዕል ቢሆንም ዓይናቸው ይቀላል።»

«እውነቱን ነው፤ ውሻ ምን አገባት ከእርሻ» አልኩ እኔ። ለመቀለድ ነበር። ጋሼ ቡቺ ግን ጉድጓድ ውስጥ የገፈተርኩት ያህል አየኝ።

ሐኪሙ እንደወጣ ሲስተር ሣቀች፤ ሣቋን ግን አልጨረሰችውም። «አንተ ሰውዬ» አለችው፣ «ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር ያልሣልከው ሰው የለም። ያንን ባለ ሰዓት ነጋዴ እንኳ ሥለሃል። እኔን አንድ ቀን ‹እስቲ ተቀመጪ› አላልከኝም። ለውሻ ጠጉር አንድ በአንድ ስትጨነቅ አያለሁ፤ እኔ ከዚያ ውሻ አነስኩ? አሁን በሰው ትእዛዝም ቢሆን ምን እንደምመስልህ አያለሁ።» የምሳ ዕቃዋን ይዛ ወጣች።

እሱ በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። «አለቀልኝ» አለ።

«ለምን እውነቱን አትነግራትም?»

«ሠዓሊ ነኝ ብዬ እኮ ነው ያገባኋት!»

በማግስቱ የእጅ ትምህርት ተጀመረ። መምህሩ የኔ እጅ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ከሱቄ ጎትቶ እያስቀመጠኝ፣ «ዝርጋ፣ እጠፍ፣ አትንቀሳቀስ!» እያለ ሣለኝ። ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ሲጠራኝ እንኳ አይለቀኝም። ችግሩ ግን፣ የኔን ሌባ ጣት ግማሹን መጋዝ ከበላው ቆይቷል። ጋሼ ቡቺ ያየውን የሚሥል ሰው ነውና የሣለው እጅ ሁሉ ጣቱ ጎደሎ ሆነ። «ይኼ የኔ እንጂ የሲስተር አይደለም!» ብዬ ጮህኩበት። ወረቀቱን ቀደደና በተራው ጮኸብኝ፤ ጣቴን ሆን ብዬ ያስቆረጥኩት ይመስል።

ከዚያ በኋላ ሚስቱን በስርቆት ማየት ጀመረ። ይኸው ጉዳይ ሲስተርን ራሷን ወደ ሱቄ አመጣት።

«ወንድሜ፣ ይኼ ሰውዬ አሞታል እንዴ?» አለችኝ። «ድንች ስልጥ ያፈጣል፣ ልብስ ሳጥብ ያፈጣል። ትናንት መርፌ ላይ ክር ሳስገባ ‹ቀስ በይ፣ እንደገና አስገቢው› አለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሳያየኝ ኖሮ አሁን ምን መጣበት?»

«ሥዕሉን እያሰበ ነው» አልኩ።

«ፊቴን እኮ አያይም! ቀና ብሎ ፊቴን አያይም። አስቀያሚ ሆኜበታለሁ መሰለኝ።»

ልጄን ተቀብላ ያስታቀፈችኝ ሴት ፊቴ ቆማ ዓይኗ እንባ ሲያቀር እውነቱን ይዤ ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ግን ምሥጢሩን ልጠብቅለት ለባሏ የገባሁትን ቃል እበላለሁ? «ትንሽ ታገሺው፣ ሲስተር» ብቻ አልኳት። የተረፈውን ንዴቴን በእንጨቱ ላይ ተወጣሁት። ያን ቀን የቆረጥኩት ማዕዘን አንዱም አልገጠመም።

ሥዕሉ ለክሊኒኩ ሊሰጥ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት፣ ፍሬሙን ለማልበስ ሄድኩ። በሩን ስከፍት ጋሼ ቡቺ ጀርባውን ሰጥቶኝ ብሩሹን ያሯሩጣል። ጠጋ ብዬ ሳይ ደሜ ፈላ። ከሲስተር ግራ እጅ አጠገብ አንዲት የታጠፈች ቡናማ ጆሮ በቅላለች።

«ምንድን ነው ይኼ?!»

ዘሎ ዞረ። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። «ፈራሁ» አለ። «እጇን ጨርሼ ራቅ ብዬ ሳየው ፈራሁ። ብሩሼ ራሱ ነው የሄደው።»

«አጥፋ! አሁኑኑ አጥፋ! የሷን እጅ ውሻ ብታለብሰው በዚህ መዶሻ ነው የምጨርስህ!»

«መፋቅ አይሆንም፣ ሥሩ ያለው ቀለም ገና እርጥብ ነው፤ እጇም አብሮ ይነሣል… ቆይ፣ ቆይ። ቀለሙ እንደሆነ ያው ነው።» ያቺን ጆሮ በብሩሹ ሳባት፣ አቀጠናት፣ ጫፏ ላይ ጥፍር አበጀላት። «ጣት ሆነች» አለና ተነፈሰ።

«ጣት ሆነች» አልኩ እኔም፤ ፍሬሙን አልብሼ በኩራት ሄድኩ። ሁለት ሽማግሌዎች ቆመን አንዳችንም አልቆጠርንም።

በማግስቱ ኮሪደሩ በሰው ተጨናነቀ። ሥዕሉ በአልጋ አንሶላ ተሸፍኗል። ከልጄ ጋር ከፊት ቆምኩ። ባለ ሥጋ ቤቱም ሽበቱን አበጥሮ መጥቷል፤ ጆሮው ስለደከመ በሹክሹክታ ማውራት ከተወ ቆይቷል።

ሐኪሙ አንሶላውን አነሣው።

ሲስተር ጎንበስ ብላ የታቀፈችውን ሕፃን ታያለች። ሁለቱ እጆቿ ከሥር ደግፈውታል። ካሮት አይደሉም፣ ጓንትም አይደሉም። ሳሙና የፈጃቸው፣ ጥፍራቸው እስከ ሥጋው የተቆረጠ፣ የሲስተር እጆች ናቸው። እንባዬ መጣ፤ የራሴን ፍሬም ማየት እንኳ ረሳሁ።

«ውሻውስ?» አለ ባለ ሥጋ ቤቱ፣ ኮሪደሩን በሚያናጋ ድምፅ።

ሲስተር ወደ ሥዕሉ ቀርባለች። ፊቷን አይደለም የምታየው። የሠላሳ ዓመት ልማዷ ነውና ጣቷን አንሥታ መቁጠር ጀመረች። ቀኝ እጅ፣ አምስት። ግራ እጅ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት… ጣቷ አየር ላይ ቀረ።

«ስድስት» አለች።

ሰማይ ተደፋብኝ። ያቺን ጆሮ ጣት ስናደርግ አምስቱ ቀድመው እንደተሣሉ ለካ ሁለታችንም ዘንግተናል።

«ይቺ ምንድን ናት?» ብላ ወደ ባሏ ዞረች።

ጋሼ ቡቺ እጅ ከፍንጅ ተይዟል። ኮፍያውን አወለቀ። «ጆሮ ነበረች» አለ። ቀጥሎ ሁሉንም ዘረገፈው። «እጅ መሣል አልችልም። በፊትም አልችልም ነበር። የሁላችሁንም እጅ በውሻ ሸፍኛለሁ። የተማርኩት በዚህ ሁለት ወር ነው፤ መጨረሻ ላይ ፈራሁና ጆሮ ጀመርኩ።»

«ምን አለ?» አለ ባለ ሥጋ ቤቱ።

ልጄ ጆሮው ሥር ጮኸችለት፦ «እጅ መሣል ስለማይችል ነው ውሻ የሣለው!»

ሽማግሌው አሰበ፣ አሰበና «ቢሆንም ውስጤን አይቶታል» አለ።

ኮሪደሩ በሣቅ ተሞላ። ሲስተር ብቻ አልሣቀችም። «እኔንስ?» አለች። «እኔን ለምን ውሻ አስታቅፈህ አልሣልከኝም?»

«ሌላው ሰው እጁ ቢሸፈን ምንም አይጎድልበትም» አለ። «አንቺን ግን እጅሽን ሸፍኜ ምንሽን ልሣል? እጅሽን እኮ እወደዋለሁ። እንዳላበላሸው ፈርቼ ነው የኖርኩት።»

ይህን ሰው ሠላሳ ዓመት አውቀዋለሁ፤ ከቀለም ቆርቆሮ በቀር እወዳለሁ ያለውን ነገር ሰምቼ አላውቅም።

ሲስተር የገዛ እጆቿን አየች፣ ዞራ ሥዕሉን አየች። ከዚያ ሠላሳ ዓመት ለእናቶች በተናገረችበት በዚያው ድምፅ «ሙሉ ነው» አለች። «ተርፎታል እንጂ አልጎደለውም።»

ልጄ ስድስት ጣት ባለው እጇ እጄን ጭምቅ አደረገችው።

«ነገ መጥቼ ትርፏን ላጥፋት?» አለ ጋሼ ቡቺ፣ አፍንጫውን በኮፍያው እየጠረገ።

«ንካትና ታያለህ!» አለችውና እጁን ያዘችው።