ድምፅ የሌለው ገጽ

ልጄ ከበሩ አጠገብ ስልኳን ወደ ሜዳው ደግና ቆማ ነበር። ባልንጀራዬ ሁለተኛው መደዳ ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ስለመጣች ነጠላዋን እንደለበሰች። እኔ ከጎኗ፣ እጇን ይዤ። የልጅ ልጄ ደግሞ ታች፣ ከሜዳው መስመር ኋላ፣ ኳሱን አቅፋ።

ጥቂት ዓመት ሆነው። ባለፈው ሳምንት ሶፋውን ሳነሳ ከሥሩ የልጅ ልጄ ማንጋ፣ ያ የጃፓኖች የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ፣ ወጣ። ስገልጠው የወረቀቱ ሽታ መጣ፤ ከዚያ የሳን ሆሴው ጂም፣ የዚያ የጨዋታ አዳራሽ፣ የጫማ ሲጥሲጥታ።

በዚያ ጨዋታ ዋዜማ ሳን ሊያንድሮ ከተማ ቤቴ ይዛው መጥታ አሳየችኝ። መጽሐፉ የሚጀመረው ከኋላው ነው። አንዲት ልጅ መረብ ኳስ ትጫወታለች። የጫማው፣ የኳሱ፣ የተመልካቹ ጩኸት በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ሰዎቹን ሸፍኗቸዋል። የልጅ ልጄ ቀስ ብላ ገለጠችው። የሚቀጥለው ገጽ ነጭ ነው። መረብ የለም፣ ተመልካች የለም፣ አንድም ፊደል የለም። አንድ እጅ፣ አንድ ኳስ፣ አየር ላይ የቆመች የላብ ጠብታ ብቻ።

«ቀለም አለቀባቸው?» አልኳት።

ሳቀች። «ኖ፣ እማማ! ዞን ውስጥ ገብታ ነው። ምንም አትሰማም። ኳሱ ስሎው ይሆንላታል።» ከዚያ ሳቋን ተወችው። «እኔም ይመጣልኛል። ግን ስሜን ስትጠሩኝ ይጠፋል። ነገ ከተሸነፍን በቃ፣ ላስት ጌሜ ነው፣ የመጨረሻዬ። ፕሊስ፣ ሰርቭ ሳደርግ እሳቸውን ያዣቸው።»

እሳቸው ያለቻት ባልንጀራዬን ነው። ባለፈው ጨዋታ ልጅቷ ልትመታ ስትል «የኔ አንበሳ!» ብላ እልልታዋን ለቀቀችውና ኳሱ መረቡ ላይ ቀረ። ባልንጀራዬ አንዴ ከጀመረች ዲያቆኑም ቆሞ ነው የሚጠብቃት።

ነጩን ገጽ እንደማውቀው ለልጅቷ አልነገርኳትም። በእሷ ዕድሜ ትምህርት ቤት መረብ ኳስ እጫወት ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኳሱ አየር ላይ ረጋ ብሎ መጣልኝ፤ ስፌቱ ሳይቀር ታየኝ። ሜዳው ሁሉ ጸጥ አለ። እናቴ ከአጥሩ ውጭ ስሜን ጠራች። ኳሱ ወደቀ። እንዳይበርደኝ ሹራብ ይዛልኝ መጥታ ነው። ያ ጸጥታ ሁለተኛ አልመጣልኝም።

እና ሳን ሆሴ፣ የመጨረሻው ዙር፣ የኛዎቹ ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ሲቀራቸው፣ ኳሱ በልጅ ልጄ እጅ ገባ። የዚያኛው ቡድን ደጋፊዎች ወንበሩን በእግራቸው ይደበድባሉ፤ እንጨቱ ከሥሬ ይንቀጠቀጣል።

«አንቺ፣ ልቀቂኝ! አንድ ነጥብ እኮ ነው!» አለች ባልንጀራዬ።

«ዝም በይ።»

«ያለ እልልታ ምን ድል አለ? ቀብር መጣን እንዴ?»

«ዝም በይ አልኩሽ!»

የልጅ ልጄ ቀና ብላ ወደ እኛ አየች፤ ግን አላየችንም። ነጩን ገጽ አወቅሁት። የባልንጀራዬን እጅ ይበልጥ ጨበጥኩት።

መታችው። ተመለሰ። የኛዎቹ አነሱት፣ እንደገና ተመለሰ፣ ጥግ ላይ ሊወድቅ ሲል መሬት ላይ ተዘርግታ በአንድ እጇ አተረፈችው። መቼ እንደተነሳች አላየሁም። ጓደኛዋ ከፍ አደረገችላት፤ እሷ ከኋላ ተንደርድራ ዘለለች። እዚያ ላይ የቆየች መሰለኝ። ኳሱ መስመሩ ላይ አረፈ።

ፊሽካ ተነፋ። ከነጩ ገጽ ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ ነው፤ ድምፁ ሁሉ ባንዴ ይመለሳል።

«በይ አሁን!» ብዬ ለቀቅኳት። እልልታዋ ጣሪያውን ነካ፤ ከፊታችን የተቀመጡት ልጆች ዞረው ምላሳቸውን እያርገበገቡ ሊከተሏት ሞከሩ። እኔም ቆሜ ነበር፤ የጉልበቴን ሕመም ረስቼው።

ጓደኞቿ እየዘለሉ ከበቧት። እሷ መሃላቸው ቆማ እጆቿን ታያለች። ገና አልተመለሰችም።

«እማዬ፣ ጥሪያት እንጂ! ፎቶ ላንሳችሁ!» አለች ልጄ።

አልጠራኋትም። እንዳይበርዳት ይዤላት የመጣሁት ጃኬት ክንዴ ላይ ነበር። አጥፌ ወንበሩ ላይ አኖርኩትና በጎን በር ወጣሁ።