ይትባረክ የደፈነው ስንጥቅ

ዓባይ ማዶ ይትባረክ የሚባል ሰው አለ። ሥራው ጭቃ ነው። አትሳቁ! የጉድጓድ መቆፈሪያ ማሽን ያለ ጭቃ የትም አይደርስም። ጭቃው በቧንቧ ወርዶ መሰርሰሪያውን ያቀዘቅዛል፣ የተፈጨውን ድንጋይ ተሸክሞ ይወጣል። ይትባረክ ይህን የተማረው ኦጋዴን፣ ጋዝ ሲቆፈር ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቷል። እዚያ የወረደው ጭቃ ሳይመለስ ከቀረ ጉድ ፈላ ማለት ነው። ክብደቱ ሲጎድል ከታች የታፈነው ጋዝ ፈንቅሎ ይወጣና ሰውም ማሽንም አይተርፍም። ስለዚህ ጭቃ የሚውጥ ስንጥቅ ሲያጋጥም፣ ያገኙትን ሁሉ ጠቅጥቆ መድፈን ነው። በዚህ እሱን የሚስተካከል አልነበረም። «እኔ ባለሁበት ጭቃ አይጠፋም» ይል ነበር፤ ጉራ አልነበረም፣ እውነቱን ነው።

አገሩ ሲመለስ አንድ አነስተኛ የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ድርጅት ቀጠረው። የካቲት ላይ፣ ከዘጌ መለስ ብላ ጣና ዳር ወዳለች መንደር ሄዱ። የመንደሩ ሰዎች ሙስሊሞች ናቸው፤ ጀልባ ይሠራሉ፣ ዓሣ ያሰግራሉ። ሐይቁ ደጃቸው ላይ ተንጣሎ የሚጠጣ ውሃ ግን የላቸውም። እምቦጭ የወረሰውን ውሃ በጨርቅ እያጠለሉ ይጠጣሉ፣ ልጆቻቸው በሆድ በሽታ ያልቃሉ። ማሽኑ የቆመው እማማ መሪማ የሚባሉ አሮጊት ጓሮ ነው። ቦታውን ለመልቀቅ የቡና ተክላቸውን በገዛ እጃቸው ነቅለዋል።

በአራተኛው ቀን፣ ስልሳ ሜትር ላይ፣ ጭቃው ጠፋ። ገንዳው ዓይናቸው እያየ ጎደለ። ቦታውን የመረጠችው ወጣት ጂኦሎጂስት፣ ሔራን፣ ጠጋ ብላ «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን ብንፈትሸውስ?» አለችው።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ኦጋዴን ስደፍን አንቺ ፊደል ትቆጥሪ ነበር» አላት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም ታላቄ ነው ብላ ተወችው።

«ጭድ አምጡ! እበት! ሰጋቱራ!» ብሎ ተጣራ። ወይ ጉድ፣ መንደሩ እንዴት ወጣ! ጀልባ ሠሪዎቹ ሰጋቱራ በጆንያ፣ ሴቶቹ እበት በቅርጫት፣ እማማ መሪማ ደግሞ ለላማቸው ያስቀመጡትን ጭድ ሳይቀር። ይትባረክ ከሸክላ ጋር እየለወሰ ሁለት ቀን ሙሉ ጉድጓዱ ውስጥ ከተተው። በሦስተኛው ቀን ጭቃው ተመለሰና ሴቶቹ እልል አሉለት። ከዚያ እስከ መቶ ሠላሳ ሜትር ቢወርዱ፣ ጠብ የሚል ነገር የለም። ጉድጓዱ «ደረቅ» ተብሎ ተጻፈ።

ይትባረክ በማግስቱ ምሳ እየበላ ሳለ ነው ነገሩ የገባው። ያ ሁሉ ጭቃ የት ሄደ? ጭቃውን የዋጠው ስንጥቅ ውሃው የሚመላለስበት መንገድ ነበር። ጋዝ ሲቆፈር ጠላት የሆነው ስንጥቅ፣ ውሃ ሲቆፈር የሚፈለገው እሱ ራሱ ነው! ማሽኑ ገና አልተነሣም፤ የሚጭነው መኪና እስኪመጣ ሦስት ቀን እዚያው ቆሞ ነበር። አንድ ቃል ቢተነፍስ በአየር ግፊት አጥበው ይከፍቱት ነበር። አልተነፈሰም። ኧረ ምን ዓይነት ሰው ነው? ትናንት እልል የተባለለት፣ ዛሬ አጠፋሁ ማለት ያቃተው ሰው ነዋ! መኪናው መጣ። ጉድጓዱ በድንጋይና በአፈር ተሞላ። ሔራንም ቦታ አሳስታለች ተብላ ከሥራ ወጣች፤ ማክሰኝት ከተማ እናቷ ቤት ገባች።

ከዚያ ወዲህ ይትባረክ ሰው አልሆነም። እማማ መሪማ ደግሞ አይተዉትም! ገበያ በመጡ ቁጥር የደረቀ ዓሣ ይዘውለት ይመጣሉ። «አንተስ ለፍተሃል፣ አላህ አልጻፈልንም» ይሉታል። እሱ አንገቱን ደፍቶ ይቀበላል፤ ዓሣውን ግን አንድም ቀን ሊበላው አልቻለም፣ ለጎረቤት ይሰጠዋል። ራሱን ጠላ። እንዲህ ሆኖ ሰባት ወር ቆየ።

መስከረም ላይ አንድ ጠዋት ባጃጅ ተሳፍሮ ሄደ። እማማ መሪማ ከሐይቁ የቀዱትን ውሃ እያጠለሉ ነበር። ተቀመጥ ቢሉት እምቢ አለ፤ ቆሞ ነው የነገራቸው።

«ውሃ ነበረ፣ እማማ። እኔ ነኝ የደፈንሁት።»

«በምን?»

«እናንተ ባመጣችሁት ጭድ።»

ማጥለያውን ጨምቀው አስቀመጡ። «መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ማሽኑ እዚህ ቆሞ ሳለ።»

«አሁንስ፣ ይከፈታል?»

«አይከፈትም። ያኔ ተናግሬ ቢሆን ነበር።»

ይረግሙኛል ብሎ ጠበቀ። ቢረግሙት በወደደ።

«ያቺ ልጅ ታውቃለች?» አሉት።

«አታውቅም።»

«ወላሂ ብልህ ነህ! እኔ ዘንድ የመጣኸው፣ አሮጊት ናት ታዝንልኛለች ብለህ ነው። እንጀራዋን ያሳጣሃት እሷን ነው። ደውልላት። እዚሁ፣ እኔ እየሰማሁ።»

ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ሔራን ገና አንዴ ሲጠራ አነሣችው።

«ጋሼ! እርስዎ ነዎት?» ደስታዋ ከስልኩ ውጭ ይሰማ ነበር። «እኔ እኮ ለመደወል አፍሬ ነው። ሳልሰናበትዎት ወጣሁ። እኔ ባሳሳትሁት ቦታ ያን ያህል ለፉ፤ ይቅርታ ሳልጠይቅዎት ቀረሁ።»

እማማ መሪማ ዓይናቸውን ከፊቱ ላይ አልነቀሉም።

«ሔራን» አለ ይትባረክ፣ «አላሳሳትሽም።» ሌላውን ለመናገር አፉን ቢከፍት ለቅሶው ቀደመው፤ እሷም በወዲያኛው በኩል «ጋሼ፣ ምን ሆኑብኝ? አይዞዎት» እያለች ታጽናናው ጀመር።